አንበሳው ጉንጭ ላይ ያለችው ጀልባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ 1988። ከሥራ መልስ

ዛሬም አንድ ተገኘች። ከዳቦ ቤት መልስ ውስጥ። 25 ሳ.። እንደ ሌሎቹ አንበሳው ጉንጭ ላይ ትንሽዬ ጀልባ ተመትታባታለች። ሸራ የላትም። ቀፎዋ ብቻ፣ ከሥሯ አንድ የውኃ መስመር። መጠኗ የሩዝ ፍሬ ያህላል። በሚስማር የተጫረች አይደለችም። አንድ ሰው ብረት ቀርጾ፣ ሳንቲሟን አመቻችቶ አስቀምጦ፣ በመዶሻ አንዴ ብቻ ብሏታል። እጁ አይንቀጠቀጥም።

ማን? ለምን? ማስታወሻዬ፣ አንቺም አታውቂም።

በሎሚና በጥርስ ሳሙና አሸኋት። ብሩሹ የተፈራ ነው። አልነግረውም። ከዚያ ወደ ዱቄት ወተት ጣሳው፣ ከእህቶቿ ጋር።

ተፈራ ባሌ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢያነብሽ ግራ እንዳይገባው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ኦፕሬተር። ሺፍት። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ያንኮራፋል። ዛሬ እንደ ዕድል ነቅቶ አገኘሁትና አሳየሁት። ገልበጥ አድርጎ አያት። ሃያ አምስት ሳንቲም ናት አለ። መልሶ ሰጠኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ጋብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7። ቢሮ፣ አለቃዬ ወደብ ወርዶ

የሚተየብ የጭነት ወረቀት ተቆልሏል። ትራንዚት ቤት ታይፒስት መሆን ማለት የሌላ ሰው ዕቃ ስም ቀኑን ሙሉ መጻፍ ነው። ብረት፣ ጎማ፣ ማዳበሪያ፣ ጀነሬተር። ዛሬ ግን ጣቴ አልሄድ አለ።

ምክንያቱ እነሆ። ጠዋት ከታክሲ ስወርድ መልስ ተቀበልኩ። አንዷ 25 ሳ. ላይ ምልክት አለ። ግን ጀልባ አይደለም። ቀለበት ነው። አንበሳው ጉንጭ ላይ፣ ጀልባዋ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ክብ። መሀሉ ባዶ።

የአለቃዬን ማጉያ መነጽር ከመሳቢያው አወጣሁ። የመታው ሌላ እጅ ነው። ጀልባዋ ተስተካክላ ነው የምትቀመጠው። ቀለበቱ ግን በአንድ ጎኑ ጠልቋል፣ በሌላው ሳስቷል። ይሄኛው ሰው ትዕግሥት የለውም። ወይም ሲመታ ተናዶ ነበር።

ሁለት ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ከሰዓት፦ «ሦስት ጀነሬተር» በሚለው ቦታ «ሦስት ጀልባ» ብዬ ተይቤ ኖሯል። ጉምሩክ ቢያየው ጀልባዎቹን አምጡ ይለን ነበር። ደግነቱ አለቃዬ ቀድሞ አየው። ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሙቀቱ ነው አልኩት። ኅዳር ነው። ነፋሱ በመስኮት እየገባ ወረቀት ይበትናል።

እሑድ፣ ኅዳር 9። ከምሳ በኋላ

ሁለቱም አንድ ላይ።

አዎ። ጀልባም ቀለበትም፣ አንዲት ሳንቲም ላይ። ሻይ ቤት ተቀምጬ መልስ ሲሰጡኝ አየኋት። ሳምኳት። አጠገቤ ሾፌሮች ነበሩ። አንደኛው ወንበሩን ትንሽ ራቅ አደረገ።

እስካሁን የደረስኩበት ግምት፦

ኮንትሮባንድ። ጀልባ ማለት ዕቃው በባሕር መጣ፣ ቀለበት ማለት ተረከብኩ። ያስኬዳል። ግን የትኛው ኮንትሮባንዲስት ነው ወንጀሉን በአንበሳ ጉንጭ ላይ እየመታ ከተማውን የሚያስዞር?

ወይም ፍቅር። ጀልባ እሱ፣ ቀለበት እሷ። ቀለበት አጥልቅልኝ ትለዋለች፣ እሱ ገና ጀልባ ላይ ነው። ይህን ወድጄዋለሁ።

ለተፈራ ነገርኩት። ቀለበት ሳይሆን ዜሮ ነው አለ። ጀልባ፣ ዜሮ። እንደ ኳስ ውጤት። ከዚያ ተኛ። ውጤቱን ተናግሮ የሚተኛ ዳኛ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10። ማታ ገና ሳይጨልም

ቆርጬ ተነሳሁ። ሳንቲም እንደ ዓሣ እጄ ላይ ዘሎ እስኪመጣ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ባለ ዳቦ ቤቷን፣ ባለ ሻይ ቤቱን፣ የማውቃቸውን ሁለት ታክሲ ነጂዎች ለመንኩ። ጀልባ ወይም ቀለበት ያለባት 25 ሳ. ስታገኙ አስቀምጡልኝ፣ በንጹሕ እለውጥላችኋለሁ። ሁሉም እሺ አሉ። ዳቦ ቤቷ ዕብደት በቤተሰብ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በትሕትና ነው የጠየቀችው።

ከዚያ ሐጂ ሰዒድ ሱቅ። ገበያው ጠርዝ ላይ ያለው፣ ሚስማር፣ ቡሎን፣ ፊውዝ፣ ገመድ፣ የባትሪ ድንጋይ የሚሸጡት ሽማግሌ። የወሎ ሰው ናቸው፣ አሰብን ከእኔ ዕድሜ በላይ ያውቋታል። ከተማው ውስጥ ያለ ሳንቲም ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሳቸው መሳቢያ ይገባል። ብር ሰጥቼ በ25 ዘርዝሩልኝ አልኳቸው። ሰጡኝ። እዚያው ባንኮው ላይ እያገላበጥኩ መምረጥ ጀመርኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺየ? ሽንኩርት አይደለም፣ አይመረጥም» አሉ።

ምልክት ያለበት አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ፊታቸውን ቋጠሩ። ዓይኔ ደክሟል አሉ። ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው፣ ከመደርደሪያው ጫፍ ስምንት ቁጥር ቡሎን ሳይለኩ የሚያወጡት።

ሱቁ በር ላይ ያለው የዶሚኖ ጠረጴዛ አቧራ ለብሷል። ሥሩ ፍየል ተኝታ ካርቶን ታመነዥካለች። ድሮ እዚያ ጋ ከቶርኖ ቤቱ ጋሽ ኪዳኔ ጋር ሲጫወቱ የድንጋዩ ጩኸት ቢሮዬ ድረስ ይሰማ ነበር። ተፈራን ጠየቅኩት። ተኳርፈዋል፣ ዓመት አለፋቸው፣ ምክንያቱን አላውቅም አለ። ሽማግሌዎች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ጥሩ ቀን። ታክሲዎቹ ጀልባ አመጡ። ዳቦ ቤቷ ቀለበት። ሻይ ቤቱ ሁለቱም ያለባት አንድ። ጣሳው ሲነቀነቅ ድምፁ ተቀይሯል።

መጥፎ ነገር፦ ጎረቤቴ ወ/ሮ ዙፋን ከዳቦ ቤቷ ጋር ስለዋወጥ አየችኝ። ቤት ድረስ ተከተለችኝ። ሃያ አምስትን በሃያ አምስት ምን ይለውጡታል አለች። እንዲሁ ነው አልኳት። ዙፋን «እንዲሁ» የሚባል ነገር አታምንም። ባሏ ሲያስነጥስ እንኳ ምክንያት ትጠይቀዋለች። ዓይኗ ጣሳው ላይ ቀረ። አንዷን አንስታ በጥርሷ ነከሰቻት። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

አወጣጧ አልተመቸኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17። ቢሮ

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ።

ከተማው በሙሉ ምልክት ያለባት ሃያ አምስት ውስጧ ወርቅ ነው ይላል። የትራንዚት ቤቷ ሴት በወደብ ወረቀት ላይ አይታው ነው ይላል። እኔን ነው። ሌላው ደግሞ አይ፣ አዲስ ገንዘብ ሲመጣ በዕጥፍ የሚለወጠው እሷ ነው ይላል። ዛሬ ጠዋት ሻይ ቤቱ በሳንቲም ፈንታ መስቲካ መለሰልኝ። ታክሲውም መስቲካ። ቢሮ ስደርስ ቦርሳዬ የልጅ ልደት ይመስላል።

ተማሪዎቹ ደግሞ ፋብሪካ ከፍተዋል። በሚስማርና በድንጋይ ጀልባ ይመታሉ። አንዱ ጀልባ ጫማ ይመስላል፣ አንዱ ጫማ እንኳ አይመስልም። በር ላይ ቆመው «እትዬ፣ ወርቅ እንሽጥልሽ» ይሉኛል። አለቃዬ ሰምቷል። ማጉያ መነጽሩ ለምን ጥርስ ሳሙና ጥርስ ሳሙና እንደሚል አሁን ገባኝ አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18። ተፈራ ሥራ ከወጣ በኋላ

ምን ሆነ መሰለሽ። ተፈራ ከማጣሪያው ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ቆመ። መዳፉ ላይ 25 ሳ.። አግኝቼልሽ ነው አለ፣ እንደ ልጅ እያፈረ።

አየኋት። ጀልባዋ አዲስ ናት፣ ታበራለች። ከሥሯ ያለው የውኃ መስመር ወደ ላይ ነው የተጠማዘዘው። ውኃው ጀልባዋ ላይ እየወጣ ነው። እጁን አየሁ። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል።

ራሱ መትቷታል። ባሌ። ሺፍት ላይ፣ በመዶሻ።

ከየት አገኘሃት አልኩት። ካፍቴሪያ አለ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ። በጣም ብርቅ ናት አልኩት። እውነቴን ነው። ከሁሉ ብርቅ እሷ ናት። ጣቱን በበረዶ ያዝኩለት። በር ነው የመታኝ አለ፣ ሳልጠይቀው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ዛሬ ክፉኛ ደንግጬ ነበር። አሁን አልፏል።

ለምሳ ቤት ገብቼ ሳለ በር ተንኳኳ። ወጣት ሰው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ከኪሱ እስክርቢቶ፣ በብብቱ ቦርሳ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት አለ። የትኛው እንደሆነ ነግሮኛል፣ ግን ጆሮዬ አልሰማም። ገንዘብ ማበላሸት ያስቀጣል፣ ገንዘብ ማከማቸትም ሳያስቀጣ አይቀርም፣ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። ግባ አልኩት፣ ቆይ አልኩት፣ ጓዳ ሮጥኩ፣ ጣሳውን ዱቄት ውስጥ ቀበርኩት። እስከ ክርኔ ነጭ ሆኜ ተመለስኩ።

ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ስለ ሳንቲሞቹ ጉዳይ ነው አለ። ምን ሳንቲም አልኩ። ምልክት ያለባቸው አለ።

ቦርሳውን ከፈተ። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሁለት ሃያ አምስቶች። ጫማ የሚመስሉት።

«ስንት ይይዙልኛል?» አለ። «ሠርግ ደርሶብኛል።»

ማስታወሻዬ፣ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ የቱ እንደሚቀድም አላወቅኩም። ወርቅ እንደሌለባቸው፣ የልጆች ሥራ እንደሆኑ አስረዳሁት። አዘነ። ለሠርጉ ጠራኝ። ሲወጣ ዱቄቱን ከፊትዎ ይጥረጉ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22። ከሰዓት

ይህን በጥንቃቄ ነው መጻፍ ያለብኝ።

የቬንቲሌተራችን ዘንግ ተሰበረ። ተፈራ ተኝቷል። ተሸክሜ አሰብ ከቢር ሰፈር፣ ጋሽ ኪዳኔ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ኪዳኔ ከወደብ ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ የሐማሴን ሰው ናቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ዘንጉን ሞርሳው ላይ አስረው ሲለኩ እኔ ዕቃቸውን አያለሁ። መስኮቱ ሥር፣ ፎጣ ላይ፣ ጣት የሚያህል ብረት ተኝቷል። አጠገቡ አንዲት 25 ሳ.፣ ንጹሕ። አነሳሁት። ጫፉን ወደ ብርሃን አዞርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሽ ኪዳኔ?»

«ብረት።»

«ጫፉ ላይ ያለው?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ጀልባ ነው» አሉ። «ሰጥሟል።»

ተቀመጥኩ። ቡሎን ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ አልተሰማኝም።

ታሪኩ ይሄ ነው። እሳቸውና ሐጂ ሰዒድ አምና በይሉል ወደምትባለው መንደር ሄደው ያረጀ የዓሣ ጀልባ በጋራ ገዙ። ለሽምግልና መዝናኛ። ቀለም ቀቡት፣ ወንበር ሠሩለት። በመጀመሪያው ቀን ከባሕሩ ዳር ብዙም ሳይርቁ ውኃ በታች ገባ። የቀፎው ማፍሰሻ ቀዳዳ ቡሹ የለበትም። ጋሽ ኪዳኔ፣ ሰዒድ ነው የሚደፍነው ብለዋል፤ ሐጂ ደግሞ፣ ኪዳኔ ነው። የበይሉል ዓሣ አጥማጆች እየሳቁ ሁለቱንም ጎትተው አወጧቸው። ሐጂ ጫማቸውን አጡ። ጋሽ ኪዳኔ የላይኛውን ጥርስ። ሰው ሠራሹን። ቤት እስኪደርሱ ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል አልተለዋወጡም።

በአፋቸው ማለት ነው። አንድ ቀን ጋሽ ኪዳኔ ንዴቱ አልወጣላቸው ብሎ ጀልባ ቀርጸው ሳንቲም ላይ መቱ። ዳቦ ገዙባት። ያው ሁሉም ሳንቲም ሐጂ ሱቅ ይገባል። ሳይቆይ በመልስ ውስጥ ያቺው ሳንቲም ተመለሰችላቸው፣ ቀለበት ተጨምሮባት። ቀዳዳው መሆኑ ነው። ቡሹን ያልደፈንከው አንተ ነህ ማለት ነው። ጋሽ ኪዳኔ ሌላ ጀልባ መቱ። እንዲህ እያሉ ከረሙ።

«ማታ ማታ ኪሴን ጠረጴዛው ላይ እገለብጣለሁ» አሉ። «ቀለበት ካለበት ደስ ይለኛል። ስድብ ነው፣ ግን ደስ ይለኛል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ቀረ። ወይ ታሟል፣ ወይ ንቆኛል።» ፎጣውን አጣጠፉ። «ያቺን ንጹሕ ሳንቲም ይዤ ስንት ጊዜ ልምታ አልምታ እላለሁ። መልስ የማይሰጥ ሰው መሳደብ ይደክማል።»

ማስታወሻዬ፣ ሳንቲሞቹ እኔ ጋ መሆናቸውን አልነገርኳቸውም። ዘንጉን ሠርተው አስረከቡኝ። የሠሩበትን አልቀበልም አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

ቬንቲሌተሩ ይሽከረከራል። እኔም።

ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ። እስካሁን ብርቅ ሳንቲም ነበር የማየው። ዛሬ ሁለት ሰው ሲያወራ መሀላቸው ገብቼ የቆምኩ መሰለኝ። በሎሚ እያሸሁ።

ለተፈራ ነገርኩት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እስኪያስለው ሳቀ። የጋሽ ኪዳኔ ጥርስ ጋ ስደርስ ትራሱን ነከሰ። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠ። ሐጂ ሱቅ ዕቃ እየቀነሰ ነው አለ፣ አይተሻል? መደርደሪያው ባዶ ነው።

አላየሁም። ሳንቲም ነበር የማየው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ

ሐጂ ይሄዳሉ። ለሁልጊዜ። ቅዳሜ የደሴ ጭነት መኪና ላይ። ልጃቸው ዘይነባ እዚያ ናት፣ ብቻዎን አይሁኑ ብላ ጠርታቸዋለች። ሱቁን ለሌላ ሰው አስተላልፈዋል። ሣጥን እያሰሩ አገኘኋቸው።

ጣሳውን ባንኮው ላይ ገለበጥኩት።

ሐጂ ገመዱን ለቀቁ። ጣታቸውን ሳንቲሞቹ መሀል አስገብተው አንድ በአንድ አገላበጡ። ዓይናቸው እንደሆነ ዛሬም አልደከመም። ቀለበት ያለባቸውን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ። የልጆቹን ጫማዎች በንቀት ገፋ አደረጉ። የተፈራ ጀልባ ላይ ሲደርሱ ግራ ገባቸው። ይሄን ማን ነው የመታው፣ ሰክሮ ነው አሉ። ባሌ ነው አልኩ። በአክብሮት ቀኝ በኩል አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ ጋ ያሉት?» አሉ።

ነገርኳቸው። ዳቦ ቤቱን፣ ታክሲዎቹን፣ ሁሉንም።

«እኔ ደግሞ ኪዳኔ ዘጋኝ ብዬ» አሉ። አንዷን ከግራ በኩል አነሱ። ቀለበቷ ከሌሎቹ ሁሉ ጠልቃለች፣ ሳንቲሟ ልትበሳ ምንም አልቀራት። «ይቺን የመታኋት ዘይነባ ወንድ ልጅ የተገላገለች ቀን ነው። ስልክ ተደወለልኝ። ደስ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ማንም የለም። ለማን ልንገር? በሩ ላይ ወጣሁ፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ገባሁና መታሁ።»

ስድብ ብቻ ነው የመሰለኝ። ጋሽ ኪዳኔም ስድብ ብቻ ነው የሚመስላቸው። ቢደርሳቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። አልደረሳቸውም። ዱቄት ውስጥ ነበረች።

አለቀስኩ። ሐጂ አብሽሪ አሉኝ። ከዚያ፦

«ሂጂና ንገሪልኝ። ሰዒድ ቅዳሜ ይሄዳል በይው።»

«አይሆንም ሐጂ» አልኩ። «በእኔ በኩል ያለፈ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚቀረው። እርስዎ ይሂዱ።»

ተቆጡ። ወላሂ አልሄድም አሉ። ቡሹን የረሳው እያለ የምሄደው እኔ ነኝ ወይ አሉ። ሣጥኑን መልሰው ማሰር ጀመሩ። ቋጠሮው አልያዘላቸውም። ሁለት ጊዜ ፈቱት።

«ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ወደ ሣጥኑ። «አንቺም ትመጫለሽ። ካልመጣሽ አልሄድም።»

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ሄድን። ሐጂ ነጭ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከፊት ከፊቴ። ሰው ሰላም ሲላቸው መልስ አይሰጡም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሉትን እየተለማመዱ ነው።

ቶርኖው ይጮኻል። ጋሽ ኪዳኔ ቀና ብለው አዩን። ማሽኑን አላጠፉም። ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። አሰላሙ ዓለይኩም የለ፣ ከመይ ውዒልካ የለ።

«ቡሹ ያንተ ነበር» አሉ ሐጂ፣ በማሽኑ ጩኸት ላይ።

ጋሽ ኪዳኔ ማሽኑን አጠፉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ቀስ ብለው።

«የእኔ ነበር?» አሉ። «መቅዘፊያውን የያዘው ማን ነው?»

ተጀመረ። አንቺ ብትሰሚ ኖሮ። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው። ስለ ቡሹ፣ ስለ መቅዘፊያው፣ ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ስለተባለው፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ድሮ ዶሚኖ ላይ ስድስት ስድስት ስለደበቀው ሰው። ድምፃቸው ሲበረታ ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሊገላግል መስሎኝ፣ ለካ ሊያዳምጥ ነው። መሀል ላይ ጋሽ ኪዳኔ ወንበር ገፉላቸው፣ ስድቡን ሳያቋርጡ። ሐጂ ተቀመጡ፣ ስድቡን ሳያቋርጡ። ሻይ መጣ።

ዘይነባ ወልዳለች አሉ ሐጂ፣ ድንገት፣ በዚያው በቁጣ ድምፅ። ወንድ።

ጋሽ ኪዳኔ ስኒውን አስቀመጡ። «መቼ?»

ነገሯቸው። ጋሽ ኪዳኔ ወደ እኔ ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ሐጂ መንገድ ላይ እየመጡ የጣሳውን ነገር እንድናገር አስምለውኝ ስለነበር ሻዩ ሲቀርብ ተናግሬ ነበር። ያ እይታ ከስድብ ይከፋል። ከዚያ ተነሱ፣ ሐጂን ትከሻቸውን ሦስት ጊዜ ገጩ፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ «ግን ቡሹ ያንተ ነበር» አሉ።

እኔም ተሳሳትኩ። በእውነት ግን ቡሹን የረሳው ማን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዞሩብኝ። አንቺን ምን አገባሽ አሉ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29። ጠዋት

መኪናው ሄደ። ኤን ትሬ፣ ሸራ የለበሰ፣ ላዩ ላይ የሐጂ ሣጥኖችና አንድ አልጋ። ግማሽ ገበያ ሊሸኝ ወጥቷል። ወ/ሮ ዙፋን ታለቅሳለች። ሐጂን አታውቃቸውም፣ ግን ለቅሶ አያመልጣትም።

ጋሽ ኪዳኔ በሥራ ልብሳቸው፣ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። እስከ ከተማው መውጫ ልሸኘው አሉ። ጋቢና ገቡ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ መስኮቱ ክፍት ነበርና ሰማናቸው። አረንጓዴ ቀለም ውኃ ያሳልፋል፣ አያሳልፍም።

ተፈራ ከሺፍት በቀጥታ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። እጄን ያዘ። ሰው ፊት ይዞኝ አያውቅም።

ምሽት ላይ፦ ጋሽ ኪዳኔ አልተመለሱም። ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4። ቢሮ

ሾፌሩ ተመለሰ። ቢሮ ድረስ መጣ፣ ሳያወራው ማደር አልቻለም።

ከተማው መውጫ ላይ አቆምኩላቸው፣ ሰውየው አልወረዱም አለ። ንግግር ላይ ነበሩ። ኬላው ላይ አቆምኩ፣ ይሄን ልጨርስለት አሉ። ከዚያ ሜዳው ነው፣ የት ይወርዳሉ? ባቲ ላይ ሁለቱም አኩርፈው ምሳ በየራሳቸው ጠረጴዛ በሉ። ከምሳ በኋላ ታርቀው ሒሳቡን እኔ እኔ ሲሉ ሌላ ጠብ። ደሴ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ጋሽ ኪዳኔ ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሱት። ሐጂ ጋቢያቸውን አልብሰዋቸው ነው የገቡት።

ሾፌሩ እስካሁን ጆሮዬ ይጮኻል ብሎ አማረረ። ከዚያ ሳይጠየቅ ለመሆኑ ቡሹን የረሳው ማን ነው አለ። አታንሳው አልኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ስልክ ከደሴ፣ ቢሮ። አለቃዬ ራሱ አቀበለኝ፣ አጠገቤ ቆሞ ሰማ። ጋሽ ኪዳኔ ናቸው። ቶርኖው ላይ ሸራ እንዲጣልበት፣ ተፈራ ዘይት እንዲቀባው። ጥምቀትን አሳልፈው ይመጣሉ። ሕፃኑ በጣም ቀይ ነው፣ አያትየው ማቀፍ አያውቅበትም፣ እሳቸው ናቸው የሚያሳዩት። ከኋላ የሐጂ ድምፅ ይሰማል፣ ውሸት ነው ይላሉ።

ሳንቲሞቹንስ አልኩ። ጣሳው ከሐጂ ሱቅ ተመልሶ እኔ ጋ ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም።

መስመሩ ተንጫጫ። ሁለቱ ተማከሩ። ከዚያ ጋሽ ኪዳኔ፦ «ዳቦ ብዪባቸው» አሉ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13። ከሰዓት፣ ተፈራ ነቅቷል

ጀመርኩ። ዛሬ ጠዋት አንድ እፍኝ ይዤ ወጣሁ። ዳቦ ቤት በጀልባ፣ ታክሲ በቀለበት። ሻይ ቤት ሁለቱም ያለባትን ሰጠሁ። ሰውየው አንስቶ አያት። የወርቁ ወሬ ገና አልበረደለትም። አንቺ እትዬ፣ ይቺን በአንድ ብር ልያዝልሽ አለ፣ በሹክሹክታ።

ሃያ አምስት ሳንቲም ናት አልኩት። አፌ ላይ የተፈራን ድምፅ ሰማሁት።

ስትሄድ ማየት ከበደኝ፣ አልዋሽሽም። መሳቢያው ውስጥ ገባች፣ ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀች። እዚያው ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለአንድ ጫኝ በመልስ ተሰጠች። ኪሱ ከተታት፣ ሳያያት፣ እያፏጨ ወደ ወደቡ ወረደ።

ቤት ስገባ ተፈራ አልጋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። የጎደለውን ጣሳ አየ። አሳዘንኩት መሰለኝ። ሌላ የሚሰበሰብ ነገር እንፈልግልሽ አለ፣ በቁም ነገር። አሰብኩበት። ምሳ እያቀረብኩ አሰብኩበት፣ ሳህን እያጠብኩም።

ወስኛለሁ። ቴምብር። ቢሯችን በየቀኑ ፖስታ ይመጣል፣ አለቃዬ ፖስታውን ቀዶ ነው የሚጥለው። ቴምብር የሚለጠፈው ደብዳቤ ላይ ነው፣ እኔ እጅ የሚገባው ደግሞ ደብዳቤው ደርሶ፣ ተነቦ ካበቃ በኋላ ነው። የማንንም መንገድ አልዘጋም።